ውሃን ለሸክም ማብቃት፦ የግትርና የጠንካራ ሃይድሮጄሎች ምርምር የት ደረሰ?

ሃይድሮጄል ረጃጅም የፖሊመር ሰንሰለቶች እርስ በርሳቸው ተሳስረው በሠሩት መረብ ውስጥ ብዙ ውሃ ይዞ የሚኖር፣ ቅርጹን እንደ ጠጣር የሚጠብቅ፣ ሆኖም ከክብደቱ አብዛኛው፣ አንዳንዴም ዘጠና በመቶው፣ ውሃ የሆነ ቁስ ነው። ፖሊመር የሚባለው ትንንሽ ሞለኪዩሎች በሺዎች እየተቀጣጠሉ የሚሠሩት ረጅም ሞለኪዩል ሲሆን፣ ሰንሰለቶቹን በየቦታው የሚያስሯቸው ቋጠሮዎች ባይኖሩ ኖሮ ውሃው አሟሙቷቸው የሚቀረው ወፍራም ፈሳሽ ብቻ በሆነ ነበር። የቼኮዝሎቫኪያ ኬሚስቶች ኦቶ ቪክተርለ እና ድራሆስላቭ ሊም እ.ኤ.አ. በ1960 ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ ለሕክምና የሚስማማ ውሃ አዘል ጄል ማዘጋጀታቸውን ካስታወቁ ወዲህ፣ ይህ የቁስ ዘር ለለስላሳ የዐይን ሌንስ፣ ለቁስል መሸፈኛና ለሕፃናት ዳይፐር ውሏል። በእነዚህ አገልግሎቶች ሁሉ ከጄሉ የሚጠበቀው ውሃ መያዝ እንጂ ሸክም መሸከም አይደለም። ከሃያ ዓመታት በላይ ሲካሄድ የቆየው ምርምር ግን ይህንን ድንበር ለመሻገር፣ ማለትም አብዛኛው አካሉ ውሃ የሆነ ቁስ እንደ ጎማ ወይም እንደ ጅማት ተስቦና ተጨምቆ ሳይበጠስ እንዲኖር ለማድረግ የታለመ ነው። የተገኘው ውጤት በእርግጥ የሚያስደንቅ ነው፤ ነገር ግን ውጤቱን በየጊዜው በሚታወጁት ትልልቅ ቁጥሮች ብቻ የሚመዝን አንባቢ ለምህንድስና የሚበጀውን ግኝት በቤተ ሙከራ ጠረጴዛ ላይ ከሚቀረው ለይቶ ለማወቅ ይቸገራል።

ችግሩ የሚጀምረው አንድ ቁስ ሸክምን የሚቋቋምበት መንገድ አንድ ብቻ ካለመሆኑ ነው። ግትርነት ቁሱ ኃይል ሲያርፍበት ቅርጹን ላለመለወጥ የሚያሳየው እምቢታ ሲሆን፣ ጥንካሬ ደግሞ ከመበጠሱ በፊት በአንድ ስፋት ላይ የሚችለው ከፍተኛ ጫና ነው፤ ሁለቱም የሚለኩት በፓስካል ነው። ስብራትን የመቋቋም አቅም ከሁለቱም የተለየ ነው፤ በቁሱ ላይ አስቀድሞ ስንጥቅ ካለ ያንን ስንጥቅ በአንድ ካሬ ሜትር ለማስፋት ስንት ጁል ኢነርጂ እንደሚያስፈልግ ይናገራል። መስታወት ግትር ነው፣ ስንጥቅ ግን አይችልም፤ የተፈጥሮ ጎማ ለስላሳ ነው፣ ሆኖም ስንጥቅን እስከ 10,000 ጁል በካሬ ሜትር ገደማ ይቋቋማል። አራተኛው መለኪያ የድካም ገደብ ሲሆን፣ ይህም ጭነቱ አንድ ጊዜ ሳይሆን በሺዎችና በሚሊዮኖች ጊዜ ሲመላለስ ስንጥቁ ሳያድግ የሚቆይበት ከፍተኛው የኢነርጂ መጠን ነው። ድልድይም፣ የመኪና ጎማም፣ የሰው ጉልበትም ዕድሜያቸው የሚወሰነው በዋናነት በዚህ በአራተኛው ነው፤ ስለ ሃይድሮጄል የሚወጡ ዜናዎች ግን ብዙውን ጊዜ የሚያነሱት ሁለተኛውን ብቻ ነው።

ጄልን በአንድ ጊዜ ግትርም ስብራትን ተቋቋሚም ማድረግ ያስቸገረበትን ምክንያት ለመረዳት፣ ሌክ እና ቶማስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1967 የጎማን መበጠስ ለማስረዳት ያቀረቡትን ሐሳብ መመልከት ይገባል። በዚህ ሐሳብ መሠረት በሁለት ቋጠሮዎች መካከል ያለ ሰንሰለት ሲበጠስ የሚባክነው ኢነርጂ በተበጠሰው አንድ ትስስር ውስጥ የነበረው ብቻ አይደለም፤ ሰንሰለቱ ከመበጠሱ በፊት ከጫፍ እስከ ጫፍ ተወጥሮ ስለነበር በእያንዳንዱ ትስስሩ የተጠራቀመው ኢነርጂ በሙሉ በአንድ ቅጽበት ወደ ሙቀት ይለወጣል። ስለዚህ በቋጠሮዎች መካከል ያለው ሰንሰለት በረዘመ ቁጥር ስንጥቁን ለማስፋት የሚያስፈልገው ኢነርጂ ይጨምራል። ግትርነት ግን የሚገኘው በተቃራኒው መንገድ ነው፤ በአንድ ይዘት ውስጥ ያሉት ሰንሰለቶች ቁጥራቸው በበዛ፣ ይህም ማለት ርዝመታቸው ባጠረ ቁጥር ጄሉ ግትር ይሆናል። በመሆኑም ቋጠሮ ማብዛት ጄሉን ግትርና ተሰባሪ ሲያደርገው፣ ቋጠሮ መቀነስ ደግሞ ለስንጥቅ የማይበገር ነገር ግን ልፍስፍስ ያደርገዋል። በዚህ ላይ ውሃው ሰንሰለቶቹን ስለሚያራርቃቸው በስንጥቁ መንገድ ላይ የሚቆሙት ሰንሰለቶች በጎማ ውስጥ ካሉት በጣም ያነሱ ናቸው፤ ተራ ጄሎች ስብራትን የሚቋቋሙት ከጥቂት ጁል እስከ መቶ ጁል በካሬ ሜትር ገደማ ብቻ የሆነውም ስለዚህ ነው። ከዚያ ወዲህ የመጣው እያንዳንዱ ትልቅ ግኝት በእነዚህ ሁለት ተጻራሪ ፍላጎቶች መካከል መውጫ መንገድ የመፈለግ ሙከራ ነው ማለት ይቻላል።

የመጀመሪያው እመርታ የመጣው ከጃፓን ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቋጠሮዎቹ በአንድ ቦታ ተተክለው ከመቅረት ይልቅ እንደ ቀለበት በሰንሰለቱ ላይ እየተንሸራተቱ ውጥረቱን የሚያካፍሉበትን ጄል አስተዋወቁ፤ በሚቀጥለው ዓመት ካዙቶሺ ሃራጉቺ እና ባልደረባቸው በዐይን የማይታዩ ስስ የሸክላ አፈር ቅንጣቶችን በቋጠሮነት በመጠቀም ከመጀመሪያ ርዝመቱ ከአሥር እጥፍ በላይ የሚሳብ ጄል ሠሩ። የምርምሩን አቅጣጫ ይበልጥ የለወጠው ግን እ.ኤ.አ. በ2003 በሆካይዶ ዩኒቨርሲቲ ጂያን ፒንግ ጎንግ እና ባልደረቦቻቸው ያስታወቁት ባለ ሁለት መረብ ጄል ነው። አሠራሩ በሁለት ደረጃ የሚከናወን ነው። በመጀመሪያ የኤሌክትሪክ ሙል ካለው ፖሊመር ቋጠሮው የበዛ መረብ ይዘጋጃል፤ ሙሎቹ ይዘዋቸው የሚመጡት አዮኖች ውሃን ወደ ውስጥ ስለሚስቡ ይህ መረብ አብጦ ሰንሰለቶቹ ሊበጠሱ እስኪቃረቡ ድረስ ይወጠራሉ። ቀጥሎ ያበጠው ጄል ሁለተኛውን ፖሊመር በሚሠሩት ትንንሽ ሞለኪዩሎች ሙሙት ውስጥ ተነክሮ ሙሙቱ ዘልቆ ከገባ በኋላ፣ በዚያው በመረቡ ውስጥ ቋጠሮው እጅግ ጥቂት የሆነ፣ በመጠኑ ግን የመጀመሪያውን ብዙ እጥፍ የሚሆን ሁለተኛ መረብ እንዲያድግ ይደረጋል።

ሁለቱም መረቦች ለየብቻቸው ደካማ ናቸው፤ አንዱ ሲነካ የሚፈረካከስ፣ ሌላው ደግሞ ልፍስፍስ ነው። ተጣምረው ግን ዘጠና በመቶ ገደማ ውሃ ይዘው 17.2 ሜጋፓስካል ያህል የጭመቃ ጫናን ተቋቁመዋል፤ ይህም የከባቢ አየር ግፊት 170 እጥፍ ያህል ነው። የዚህ ምስጢር በስንጥቁ ጫፍ አካባቢ በሚሆነው ነገር ላይ ነው። ስንጥቁ ሊያልፍ ሲሞክር ተሰባሪው የመጀመሪያ መረብ በስንጥቁ መስመር ላይ ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ባለ ሰፊ ቀጠና ውስጥ ይበጣጠሳል፤ ሁለተኛው መረብ ደግሞ ቁርጥራጮቹን አያይዞ ስለሚይዝ ጄሉ አይከፈልም። አንድን ስንጥቅ ለማሳለፍ በሺህ የሚቆጠሩ ሌሎች ሰንሰለቶች በቅድሚያ መበጠስ ስላለባቸው ስብራትን የመቋቋም አቅሙ ከተራ ጄል በመቶዎች እጥፍ ይበልጣል። ተመራማሪዎቹ እነዚህን አስቀድመው የሚበጠሱ ትስስሮች የመሥዋዕት ትስስሮች ይሏቸዋል፤ በቁስ ሳይንስ ታሪክ ውስጥ ድክመትን ሆን ብሎ በመትከል ብርታትን ማግኘት ከተቻለባቸው እጅግ ውብ ሐሳቦች አንዱ መሆኑ አያጠራጥርም። መሥዋዕቱ ግን የአንድ ጊዜ ነው፤ የተበጠሰው የመጀመሪያ መረብ ተመልሶ ስለማይቀጠል ጄሉ ከመጀመሪያው ከባድ ጭነት በኋላ ለስልሶ ይቀራል።

ስለ ጭመቃ ቁጥሮች እዚህ ላይ አንድ ነገር መነሳት አለበት። ለስላሳ ቁስ ሲጨመቅ ወደ ጎን ስለሚሰፋ፣ ቁመቱ ወደ አንድ አሥረኛ በወረደ ጊዜ ኃይሉን የሚሸከመው ስፋት አሥር እጥፍ ገደማ ሆኗል ማለት ነው፤ ጫናው ግን ብዙ ጊዜ የሚሰላው ኃይሉን ለመጀመሪያው ስፋት በማካፈል በመሆኑ የሚታተመው ቁጥር ቁሱ በእርግጥ ከሚሸከመው እጅግ ገዝፎ ይታያል። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ሰማንያ በመቶ ያህሉ ውሃ ሆኖ እስከ 100 ሜጋፓስካል ጭመቃ የሚችል፣ መኪና ሄዶበት ቅርጹን የሚመልስ ጄል ሲያስተዋውቁ ዓለም አቀፍ መገናኛ ብዙኃን በሰፊው ተቀብለውታል፤ ሞለኪዩሎቹን ጥንድ ጥንድ አድርገው በሚይዙና ቀስ ብለው በሚለቁ በርሜል መሰል ሞለኪዩሎች የተሠራ መሆኑ በራሱ ትልቅ ኬሚስትሪ ነው። ቢሆንም ጭመቃ ስንጥቅን የሚዘጋ እንጂ የሚከፍት ጭነት አይደለም፤ የቁስ ድክመት የሚገለጠው ሲሳብና ሲታጠፍ ነው።

የመሥዋዕት ትስስሩን ተመልሶ በሚያያዝ ትስስር የመተካት ሐሳብ ፍሬ ያፈራው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲው ዢጋንግ ሱኦ እና ባልደረቦቻቸው ከባሕር አረም የሚወጣውን አልጂኔት ፖሊአክሪላማይድ ከተባለው ሰው ሠራሽ ፖሊመር ጋር አዋሐዱ። የአልጂኔት ሰንሰለቶች የሚያያዙት በካልሲየም አዮኖች ስለሆነ ጄሉ ሲሳብ እንደ ዚፕ እየተፈቱ ኢነርጂ ያባክናሉ፣ ጭነቱ ሲነሳም በከፊል ተመልሰው ይያያዛሉ። ውጤቱ ከሃያ እጥፍ በላይ የሚሳብና ስብራትን እስከ 9,000 ጁል በካሬ ሜትር ገደማ የሚቋቋም፣ በዚህ ረገድ ከተፈጥሮ ጎማ ጋር የሚስተካከል ጄል ሆነ። ነገር ግን ግትርነቱ ከ30 ኪሎፓስካል ያነሰ ነበር፤ የተፈጥሮ ጎማ ግትርነት በሜጋፓስካል የሚቆጠር መሆኑ ሲታሰብ፣ ስንጥቅን የሚያሸንፈው ይህ ጄል መካከለኛ ሸክም ቢያርፍበት የሚዘረጠጥ ነው ማለት ነው። የተፈቱት ትስስሮች መልሶ ማገገምም ጊዜና ሙቀት የሚጠይቅ ነበር፤ በ80 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት አንድ ቀን ቆይቶ እንኳ ያገገመው ሦስት አራተኛ ያህሉ ነው።

ከዚህ የበለጠ አሳሳቢው ነገር የተገለጠው ተመራማሪዎች እነዚህን ጄሎች ደጋግመው መሳብ ሲጀምሩ ነው። በሺዎች ጁል በሚለካ አቅም የሚኮሩ ጄሎች ጭነቱ ሲመላለስባቸው ስንጥቃቸው ከመቶ ጁል በካሬ ሜትር ባነሰ ኢነርጂ ቀስ በቀስ እያደገ ተገኘ። ምክንያቱ ሲታሰብ ግልጽ ነው፤ የመሥዋዕት ትስስሮቹ በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ተበጥሰው ካለቁ በኋላ በስንጥቁ ጫፍ ላይ የሚቀረው ተከላካይ የሚለጠጠው መረብ ብቻ ነው፣ እርሱ ደግሞ የሚገዛው በዚያው በ1967ቱ የሌክና የቶማስ ስሌት ነው። ኢነርጂን በማባከን የተገኘ አቅም ለአንድ ጊዜ አደጋ እንጂ ለዕለት ተዕለት ሥራ ዋስትና አይሆንም። ይህ መረጃ የመስኩን ጥያቄ ስለለወጠው ከየትኛውም የክብረ ወሰን ቁጥር የላቀ ዋጋ አለው።

የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ለዚህ መልስ ይሆናል ያሉትን አቀረቡ። ፒቪኤ በሚል አሕጽሮት የሚታወቀው ፖሊቪኒል አልኮል ውሃ ውስጥ ሟሙቶ ሲቀዘቅዝና ሲቀልጥ፣ ከዚያም ሲደርቅና ሲሞቅ ሰንሰለቶቹ በየቦታው ተደርድረው ከሚሊ ሜትር መቶ ሺኛ የማይበልጡ ክሪስታሎችን ይሠራሉ። ስንጥቁ እንዲህ ያለ ክሪስታል ሲገጥመው አንድ ሰንሰለት መበጠስ ሳይሆን ብዙ ሰንሰለቶችን ከተደረደሩበት መንቀል ግድ ይሆንበታል፣ ይህም በየዙሩ የሚከፈል ዋጋ በመሆኑ የድካም ገደቡ ከ1,000 ጁል በካሬ ሜትር በላይ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሺሚን ሄ ቡድን የፒቪኤን ሙሙት ከአንድ አቅጣጫ በማቀዝቀዝ የበረዶው ዓምዶች ሰንሰለቶቹን ወደ ጎን ገፍተው እንዲያሰልፏቸው ካደረገ በኋላ የጨው ሙሙት ውስጥ ነከረው፤ ጨው ውሃውን ወደ ራሱ ስለሚስብ ፖሊመሩ ተሰብስቦ ይጠጥራል። በዚህ መንገድ ከጅማት ጋር የሚመሳሰል፣ ከ70 በመቶ ያላነሰ ውሃ ይዞ እስከ 23.5 ሜጋፓስካል የመሳብ ጫና የሚችል ጄል ተገኘ።

ሆኖም ጨው ወደ ጄል ውስጥ የሚገባው በስርገት፣ ማለትም አዮኖቹ በራሳቸው እንቅስቃሴ ቀስ እያሉ በመሰራጨት ነው፣ ስርገት የሚፈልገው ጊዜ ደግሞ በውፍረቱ ካሬ ልክ ያድጋል። አዮኖች በውሃ ውስጥ በሚሰራጩበት የተለመደ ፍጥነት አንድ ሚሊ ሜትር ለመዝለቅ ሩብ ሰዓት ያህል ቢበቃ፣ አንድ ሴንቲ ሜትር ለመዝለቅ ከአንድ ቀን በላይ፣ አሥር ሴንቲ ሜትር ለመዝለቅ ግን ወራት ያስፈልጋሉ። የባለ ሁለት መረብ ጄልም ሁለተኛውን ሙሙት የሚያስገባው በዚሁ መንገድ ስለሆነ ተመሳሳይ ዕዳ አለበት። አብዛኞቹ ታዋቂ ውጤቶች የተለኩት በስስ ሉሆችና በትንንሽ ናሙናዎች ላይ መሆኑ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም።

ግትርነትን ከውጭ የማምጣት መንገድም አለ። የጭቃ ግድግዳ ጭድ ሲገባበት እንደሚጸና ሁሉ፣ የሆካይዶ ተመራማሪዎች አወንታዊና አሉታዊ ሙል ያላቸውን ፖሊመሮች የያዘ ጄል ከመስታወት ክር ጨርቅ ጋር በማዋሐድ ስብራትን እስከ 250,000 ጁል በካሬ ሜትር የሚቋቋም ቁስ እ.ኤ.አ. በ2017 አስታውቀዋል። ለማጠፍ ቀላል ሆኖ ለመሳብ ግትር የሆነ ነገር ለሚፈልግ መሐንዲስ ይህ ምናልባት ከሁሉም የቀረበ አማራጭ ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል ወደፊት አብልጦ የሚያራምደው ግን ብዙ ወሬ ያልተነገረለት ሌላ ሐሳብ ይመስላል። የሱኦ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2021 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ያወጣው ጥናት ጄሉን ግትር ለማድረግ ቋጠሮ ከማብዛት ይልቅ ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ እንዲጠላለፉ ማድረግ እንደሚበጅ አሳየ። ፖሊመሩ ሲሠራ ውሃው በጣም ጥቂት፣ ቋጠሮ ፈጣሪው ኬሚካልም እጅግ ያነሰ እንዲሆን ይደረጋል፤ ሰንሰለቶቹ ረዝመውና ተጣብቀው ስለሚያድጉ በእያንዳንዱ ሁለት ቋጠሮ መካከል ብዙ መጠላለፍ ይኖራል፣ በኋላ ጄሉ ውሃ ውስጥ ሲያብጥም ጥቂቶቹ ቋጠሮዎች መጠላለፉ እንዳይፈታ ይጠብቁታል። ጥልፍልፉ እንደ ቋጠሮ ግትርነትን ይሰጣል፣ ነገር ግን ስለሚንሸራተት ውጥረቱን በአንድ ቦታ አያከማችም፤ በስንጥቁ ጫፍ ያለው ሰንሰለት ሲበጠስም የሚባክነው በጠቅላላ ርዝመቱ የተከማቸውና ከእርሱ ጋር ወደተጠላለፉት ሰንሰለቶች የተላለፈው ኢነርጂ ነው። በሌላ አነጋገር የሌክና የቶማስ ቅራኔ እዚህ ላይ በኢነርጂ ብክነት የተሸፈነ ሳይሆን ከሥሩ የላላ ነው። ጄሉ ተስቦ ሲመለስ የሚያባክነው ኢነርጂ አነስተኛ ነው፤ በድካምና በሰበቃም ብዙ አይጎዳም። በፍጹም አሃዝ ግትርነቱ ገና ዝቅተኛ ነው፤ ቢሆንም በፊንላንድ የአልቶ ዩኒቨርሲቲና በጀርመን የባይሮይት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2025 ሰንሰለቶቹ እጅግ ስስ በሆኑ የሸክላ ሉሆች መካከል ታምቀው እንዲጠላለፉ በማድረግ 50 ሜጋፓስካል ገደማ ግትርነት ያለውና የተቆረጠ ፊቱ መልሶ የሚገጥም ጄል ማግኘታቸው መንገዱ እንዳልተዘጋ ያመለክታል።

ጄሉ ከቤተ ሙከራ ሲወጣ የሚጠብቀው ሌላው ፈተና ራሱ ውሃው ነው። አየር ላይ ሲቀመጥ ይደርቃል፣ ውሃ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ይበልጥ አብጦ ይደክማል፤ በካልሲየም የተያያዘው አልጂኔት ጨዋማ ውሃ ሲያገኘው ሶዲየሙ የካልሲየሙን ቦታ እየወሰደ ያላላዋል። እንደ ሊቲየም ክሎራይድ ያለ ውሃን አጥብቆ የሚይዝ ጨው መጨመር ወይም ጄሉን በስስ ጎማ መሸፈን ድርቀቱን ያዘገየዋል፣ ግን ጨውም ሽፋንም የራሳቸውን ችግር ይዘው ይመጣሉ። በሰው አካል ውስጥም ነገሩ ቀላል አልሆነም፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ለእግር አውራ ጣት መገጣጠሚያ እንዲተከል በአሜሪካ የተፈቀደ የፒቪኤ ጄል ችግሮቹ አስቀድሞ ከተገመተው በላይ ተደጋግመው በመታየታቸው በ2024 ከገበያ ተሰብስቧል።

በምህንድስና ውስጥ ዛሬ በስፋት የሚሠሩት ጄሎች ጥንካሬ የማይጠየቅባቸው ናቸው። በኮንክሪት ውስጥ የሚጨመሩት ውሃ መጣጭ የጄል ቅንጣቶች ሲሚንቶው እየደረቀ ሲሄድ የያዙትን ውሃ ቀስ በቀስ እየለቀቁ በመሸብሸብ የሚመጣውን ስንጥቅ ይቀንሳሉ፤ በነዳጅ ጉድጓዶች ውስጥ ያበጡ ጄሎች ውሃ በማይፈለግበት መንገድ እንዳይፈስ ይዘጋሉ። የሴኡል ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2022 ያሳዩት ግን ከዚህ የራቀ ዕድል ነው፤ ጄሉን እንደ ዕፅዋት ሕዋስ አጥብቆ በሚይዝ ሽፋን ጠቅልለው በኤሌክትሪክ እንዲያብጥ በማድረግ፣ ከአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ብዙም ከማይበልጥ ጄል 730 ኒውተን፣ ማለትም የአንድ ጎልማሳ ሰው ክብደት ያህል ኃይል አግኝተዋል። እዚህ ላይ ግትር የሆነው ጄሉ ሳይሆን ሽፋኑ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

የጥልፍልፍ ጄሎች ከሌሎቹ የሚለዩበት አንድ ተግባራዊ ነገር የአመራረታቸው ጉዳይ ነው። የሱኦ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2022 ባቀረበው ሥራ እጅግ ረጃጅም የሆኑ የተዘጋጁ ፖሊመሮችን ከጥቂት ውሃና በብርሃን ከሚነቃ ቋጠሮ ፈጣሪ ኬሚካል ጋር እንደ ሊጥ በማቡካትና በማሞቅ፣ ከዚያም በአልትራቫዮሌት ብርሃን ጥቂት ቋጠሮዎችን በመፍጠር ጄሉን መሥራት እንደሚቻል አሳይቷል። በዚህ አሠራር ቋጠሮ ፈጣሪው አስቀድሞ ከሊጡ ጋር ስለሚዋሐድ ወደ መካከል እስኪሰርግ መጠበቅ አያስፈልግም፣ ለማቡካቱ የሚጠይቀው መሣሪያም የጎማና የፕላስቲክ ፋብሪካዎች ከያዙት ማቡኪያና መጭመቂያ ብዙ የተለየ አይደለም።  የሚቀረው ጥያቄ እንዲህ ያለው ሊጥ የሸክላ ሉሆችን ወይም የክር ጨርቅን ተቀብሎ ጥልፍልፉን ሳያጣ ግትርነቱን ወደ አሥሮች ሜጋፓስካል ማድረስ መቻሉ፣ በዚያ ግትርነት ላይ የሚለካው የድካም ገደብም ከሺህ ጁል በካሬ ሜትር በላይ መቆየቱ ነው።